ቪትዝ ላይ 30 ሚሊ ስፔሰር፦ የፊቶቹን ልግጠም ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ይሄ ነው፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ የምነዳው የ2008 ሞዴል ቪትዝ። ያገለገለ 15 ኢንች አሉሚኒየም ቸርኬ ገዝቼ ሳስገጥም ጎማው ከድሮው ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ አለና አላማረኝም። አንድ መለዋወጫ ሻጭ 30 ሚሊ ስፔሰር ግጠምበት፣ መኪናዋ ትሰፋለች፣ ከፍ ትላለች፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይም አትዋልልም፣ ለሁሉም የጃፓን መኪና ይሆናል አለኝና አራት ገዛሁ። ለጊዜው የኋላዎቹን ሁለቱን ሰፈር ያለ ጎሚስታ ገጠመልኝ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። አሁን ከ80 በላይ ስነዳ ወንበሩ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ ስል ደግሞ ከኋላ ኡኡ የሚል ድምጽ አለ። ባላንስ ነው ተባልኩ፣ ባላንስ አሰራሁ፣ አልጠፋም። የፊቶቹንም ገጥሜ እኩል ይሁን ወይስ ልተወው?»

የፊቶቹን አትግጠም። የኋላዎቹንም አውጣቸው፣ እስክታወጣቸው ድረስ ደግሞ ፈጣን መንገዱን እርሳው፣ ቀስ ብለህ ጋራዥ ድረስ ብቻ ሂድ። መልሴ ይሄው ነው። የቀረው ለምን እንደሆነ ነው፣ ምክንያቱን ካላወቅከው ከወር በኋላ ሌላ ሰው ሌላ ስፔሰር ይሸጥልሃል።

ከፍ ትላለች የተባልከውን መጀመሪያ እናንሳ። አንተ የገዛኸው በሞዞው (ቸርኬው ተደግፎ የሚታሰርበት ክፍል) እና በቸርኬው መሃል የሚገባ ክብ አሉሚኒየም ነው፣ ስራው ጎማውን ወደ ጎን መግፋት ነው በቃ። ወደ ጎን የተገፋ ጎማ መኪናን ወደ ላይ አያነሳም። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፣ እኛ ጋ ሞላው ላይ ወይም አሞርዛተሩ አናት ላይ የሚገባውንም ላስቲክና ብረት ስፔሰር ነው የምንለው፣ እሱ እውነትም ያነሳል፣ ሁለቱን ግን ከስም በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እንዲያውም ያንተን የፊት ላይ ብትገጥመው ጎማው ከሞላው ስለሚርቅ ሞላውን የሚጫንበት ክንድ ይረዝማል፣ ሞላው የለሰለሰ ያህል ይሆንና መኪናዋ በጥቂቱም ቢሆን ዝቅ ነው የምትለው። ከፍ ብላልኛለች ካልክ ያ የመጣው ከጎማው ነው፦ 165/70 ባለ 14 ጎማ ቁመቱ 587 ሚሊ ገደማ ነው፣ 15ቱ ላይ 185/60 ካሰርክ 603 ይሆናል፣ ልዩነቱ 16 ነው፣ ከመሬት የምትነሳው የዚያን ግማሽ ስለሆነ 8 ሚሊ አገኘህ ማለት ነው። ስፔሰሩ ከዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም።

ሁለተኛው አትዋልልም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸህም፣ በግራና በቀኝ ጎማ መሃል ያለው ስፋት ሲጨምር መኪና ኩርባ ላይ የሚያጋድለው በጥቂቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን አንተ የምትዋልለው ኩርባ ላይ ነው እንዴ? ከቱሉ ዲምቱ ገብተህ ቀጥ ባለው መንገድ 100 ላይ ስትሄድ፣ አንድ ተሳቢ ስታልፍ ነፋሱ ሲመታህ ነው አይደል? ቪትዝ ቀላል መኪና ናት፣ ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ ገደማ ነው፣ ነፋስ ሲመታት መንቀሳቀሷ አይቀርም። ከዚያ በላይ ከሄደች ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ የላሸቀ ቦኮላ (የእግር ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ)፣ የሞተ አሞርዛተር፣ የለቀቀ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ)፣ የግራና የቀኝ ንፋሱ እኩል ያልሆነ ጎማ፣ ወይም ከዓመት በፊት የታየ አላይመንት። በእናንተ መንገድ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ በክረምት ያ ዋልካ ጭቃ ቸርኬው ውስጥ ይገባና ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይጣበቃል፣ ሩብ ኪሎ ጭቃ አንድ በኩል የተለጠፈበት ጎማ ምን ባላንስ ይኖረዋል? በዚህ ምክንያት ብቻ መሪዬ ተበላሸ ብሎ መጥቶ በውሃና በእንጨት አጽድተንለት የሄደ ሰው ስንት እንዳለ። ሳንቲም ሳታወጣ መጀመሪያ የጎማውን የውስጥ ፊት እጠበው።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ባላንስ አሰርተህ ያልጠፋው ባላንስ ማሽኑ ስፔሰሩን ስለማያየው ነው። ማሽኑ ላይ የወጣው ቸርኬህና ጎማህ ብቻ ነው፣ በራሱ መሃል ቀዳዳ ተይዞ ዞረ፣ እርሳስ ተለጠፈበት፣ ዜሮ አለ። መኪናው ላይ ግን ቸርኬው የተቀመጠው ስፔሰሩ ላይ ነው፣ ስፔሰሩ ደግሞ ሞዞው ላይ። የቪትዝ ሞዞ መሃሉ ላይ 54.1 ሚሊ የሆነ አንገት አለው፣ የፋብሪካው ቸርኬ እሱ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል፣ መሃል የሚያደርገው እሱ ነው፣ ዳዶው የሚያጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለሁሉም መኪና ይሆናል የሚባል ስፔሰር ደግሞ ለሁሉም የሚሆነው ቀዳዳውን ስላሰፉት ነው፣ 73.1 የሆነ ብዙ አለ። 73.1 ቀዳዳ 54.1 አንገት ላይ ስታስገባ ዙሪያውን 9.5 ሚሊ ክፍት ነው፣ የትንሿ ጣት ጫፍ ሊገባ ምንም አይቀረው። ያን ጊዜ መሃሉን የሚፈልጉት አራት ዳዶዎች ብቻ ናቸው፣ ጎሚስታው አንዱን ቀድሞ ካጠበቀው ስፔሰሩ ግማሽ ሚሊ ወደዚያ ይሄዳል፣ ቸርኬውም ይከተለዋል፣ 80 ላይ ወንበርህ ስር የሚያንቀጠቅጥህ ያ ግማሽ ሚሊ ነው። መለኪያ ካለህ የስፔሰሩን ቀዳዳ ለካው፣ ከሌለህም አንገቱ ላይ አስገብተህ በእጅህ ወደ ግራ ቀኝ ነቅንቀው፣ ከተንቀሳቀሰ መልሱ ያ ነው። የገዛኸው ቸርኬም ራሱ ያው በሽታ ሊኖርበት ይችላል፣ ከፋብሪካ ውጪ የተሰሩ ቸርኬዎች ቀዳዳቸው ሰፊ ነው፣ እሱ ግን በቀላሉ ይስተካከላል፣ ወደታች እመጣበታለሁ።

ድምጹን በተመለከተ ሳላይ ይሄ ነው አልልህም። ሁለት ሳምንት ውስጥ ስፔሰር ጤነኛ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) አይገድልም፣ የጀመረውን ግን ያባብሰዋል። ለምን እንደሚያባብሰው በጀሪካን ላስረዳህ። ሃያ ሊትር ውሃ ከቦኖ ስታመጣ እጅህን ከጎንህ አስጠግተህ ነው የምትይዘው፣ ያንኑ ጀሪካን እጅህን ዘርግተህ ያዘው ብትባል ክብደቱ አልጨመረም ትከሻህ ግን አይችለውም። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ኩሽኔታ የተሰራው ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ስንት ሚሊ እንደሚርቀው ተሰልቶ ነው። ከኋላ ሶስት ሰው ጭነህ፣ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጨምረህ አንዱ ጎማ ላይ 300 ኪሎ አረፈ እንበል፣ እሱን 3 ሳንቲም ወደ ውጭ ስትገፋው ኩሽኔታው ላይ 88 ኒውተን ሜትር ገደማ የማጣመም ኃይል ይጨመርበታል። ይሄ ቆመህ ነው። ኮሮኮንች ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ስትል እጥፍ ድርብ ይሆናል፣ ያው ሰፈርህን ታውቀዋለህ። ድምጹ ሰው ስትጭን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ጎማው የፓራፋንጎውን ከንፈር እየነካ ሊሆን ይችላል፣ የጎማውን ትከሻ እየው፣ የተላጨ ወይም ያብረቀረቀ መስመር ካለ ያ ነው።

የፊት ላይ ቢገጠም ኖሮ ሌላም ነገር ይመጣ ነበር። መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ አለ፣ የጎማው መሃል ከዚያ ዘንግ ሲርቅ እያንዳንዱ ጉድጓድ መሪውን ከእጅህ ለመንጠቅ ይሞክራል፣ አንዱ ጎማ አስፋልት ሌላው ጠጠር ላይ ሆኖ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ከእናንተ ሰፈር አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ያለውን ጠርዝ አስበው፣ የመንገዱ ግማሹ ጠጠር ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይሄም አይደለም፣ ዳዶው ነው። ብዙ ሰው ጎማን የሚሸከመው ብሎኑ ይመስለዋል። አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ጨምቆ ይይዘዋል፣ የሚሸከመው ያ ሁለቱ ብረት ፊት ለፊት ተጨማምቀው የሚፈጥሩት ፍትጊያ ነው። በመሃላቸው ዝገት፣ ቀለም፣ የደረቀ ጭቃ ካለ ያ ነገር ሲነዳ ይፈጫል፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ ዳዶው ይላላል፣ ከዚያ በኋላ እውነትም ብሎኑ ብቻውን ይሸከማል፣ ወላልቆ ይበጠሳል። በስፔሰር ይሄ መጋጠሚያ በየጎማው አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ከዚህም የባሰው ደግሞ ስፔሰሩን ከሞዞው ጋር ያሰሩት አራቱ ዳዶዎች ከቸርኬው ኋላ ተደብቀዋል፣ ጎማውን ሳትፈታ አታያቸውም፣ መፍቻ አትደርስባቸውም። አዲስ የታሰረ ጎማ ከ80 ወይም 100 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፣ ስፔሰር ያለው ሰው ጎማውን ፈትቶ የውስጦቹን ማጥበቅ አለበት። አንተ አደረግከው? ጎሚስታው ነገረህ? ሁሉንም ስፔሰር ያስገጠመ ሰው እጠይቃለሁ፣ አዎ ያለኝ በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ጊዜ ከሰንዳፋ በኩል የመጣ ሰው ከኋላ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ቦኮላ ይመስለኛል ብሎ ገባ። ጎማውን ፈታነው። ስፔሰሩን ከያዙት አራት ዳዶዎች ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ነበሩ፣ ሶስተኛው ብሎን ተበጥሶ ወድቋል፣ መኪናው ከሰንዳፋ አዲስ አበባ ዳርቻ ድረስ የመጣው በአንድ ዳዶ ነው ማለት ይቻላል። ከውጭ ያሉት አራቱም ጥብቅ ብለው ነበር፣ ሰውየው በየሳምንቱ እየፈተሸ ነበር፣ የሚፈትሸው ግን የማይላላውን ነው።

ስለ ማጥበቅ ካነሳን አይቀር፣ የቪትዝ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ከሌለህ ግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፣ በአንድ ክንድ ጥሩ ግፊት። እኛ ሰፈር ግን የጎሚስታው ልጅ መፍቻው ላይ ይወጣበታል። 70 ኪሎ ሰው ግማሽ ሜትር እጀታ ላይ ቢቆም 340 ኒውተን ሜትር አለፈ፣ ሶስት እጥፍ፣ ዘለለበት ደግሞ አልቆጥርልህም። እንደዛ የተለጠጠ ብሎን ወደ ቦታው አይመለስም፣ ዛሬ ጠንካራ መስሎ ነገ ይበጠሳል። ስለዚህ ስፔሰሩን ስታወጣ የመኪናዋን ብሎኖች በደንብ እይ፣ ጥርሱ የተጎተተ፣ ዳዶ በእጅ እስከ መጨረሻው የማይሄድበት ካለ ብሎኑን ለውጠው፣ ብዙ ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ አሁን ዲዛየር የበዛበት ጊዜ ስለሆነ። የሱዙኪ ዲዛየርና የቪትዝ ቸርኬ ይገጣጠማል፣ ሁለቱም 4 በ100 ናቸው (አራት ብሎን፣ 100 ሚሊ ክብ ላይ)፣ መሃሉም 54.1 ነው። ዳዶው ግን አይገጣጠምም። ሁለቱም 12 ሚሊ ናቸው፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት ግን ቶዮታ 1.5 ሚሊ ነው ሱዙኪ 1.25። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ዙር ሁለት ዙር ይገባል፣ ከዚያ ይይዛል፣ ልጁ ደግሞ ዝገት ነው ብሎ በኤር ሽጉጥ ያስገባዋል፣ ጥርሱ ተበላ ማለት ነው። ከስፔሰር ጋር የሚመጡ ዳዶዎች የየትኛው እንደሆኑ ሳይለዩ ከአንድ ሳጥን ነው የሚሸጡት፣ ዳዶ ሁልጊዜ መጀመሪያ በእጅ ይግባ፣ ቢያንስ አምስት ስድስት ዙር በጣት ካልሄደ አቁም።

ታዲያ ቀጭኑን፣ ባለ 5 ሚሊውን ልግጠም? የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አውቃለሁ። ቀጭኑ የራሱ ብሎን የለውም፣ እንደ ሮንዴላ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ የመኪናዋን ብሎን 5 ሚሊ ይበላብሃል፣ በ1.5 ጥርስ ሶስት ዙር ከምናምን ማለት ነው። ዳዶው ብሎኑ ላይ 8 ሙሉ ዙር መያዝ አለበት ብለህ ያዝ፣ ከዚያ ካነሰ አይሆንም። ከአንገቱም ላይ ይበላል፣ አንገቱ አጭር ነገር ነው፣ 10 ሚሊ ካስገባህ ቸርኬው የሚቀመጥበት አንገት ሊያጣ ይችላል። ቶርኖ ቤት ከብረት ላሚዬራ አስቆርጠው የሚያስገቡም አሉ፣ ቀዳዳዎቹ በእጅ በትሬፓን የተበሱ፣ እሱን ባላነሳው ይሻላል። በነገራችን ላይ ዲኤክስ (የድሮው ኮሮላ) ላይ የቪትዝ ቸርኬ ለማስገባት የሚሰራው መቀየሪያ ያው የዚሁ ዘመድ ነው፣ ዲኤክስ 4 በ114.3 ስለሆነ ያለ መቀየሪያ አይገባም፣ ለዚያ መኪና ልክ የሆነ ያገለገለ ቸርኬ መፈለግ ይሻላል።

ስፔሰር ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ፖርሽ ራሱ ለአንዳንድ ሞዴሎቹ ከፋብሪካ ይሰራል፣ ጀርመን ደግሞ ያለ ቴክኒክ ፈቃድ ገጥመህ አትነዳም፣ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ፒክአፕ ላይ ሰፊ ጎማ ገብቶ የውስጡን ክንድ ሲነካ፣ ትልቅ ፍሬን ሲገባና ቸርኬው ሲነካው፣ ተገቢ ስራ ነው። ግን መሃሉ በልኩ የተቆረጠ፣ ተቀጥቅጦ የተሰራ አሉሚኒየም እንጂ ቀልጦ የፈሰሰ ያልሆነ፣ የራሱ ብሎን ያለው፣ የመኪናው የድሮ ብሎን ከፊቱ አልፎ የማይወጣ መሆን አለበት፣ ብሎኑ ካለፈ ቸርኬው ሞልቶ አይቀመጥም። አሁን የመጡት የቮልስዋገን አይዲ ኤሌክትሪኮች ደግሞ ጭራሽ የተተከለ ብሎን የላቸውም፣ ብሎኑ ከውጭ ነው የሚገባው፣ እነሱ ላይ ቀጭን ስፔሰር ገብቶ የድሮው ብሎን ከተመለሰ በቂ ጥርስ አልያዘም ማለት ነው፣ በስፔሰሩ ልክ የረዘመ ብሎን ያስፈልጋል።

ወዳንተ ልመለስ። ጎማህ ወደ ውስጥ የገባው ቸርኬው ኦፍሴቱ (ሞዞው ላይ የሚያርፈው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል የሚርቅበት ሚሊ) ስለሚለይ ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ቸርኬውን ገልብጠው፣ ከጀርባው ኢቲ ተብሎ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ከድሮው ቸርኬህ ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ነው፣ አንተ የተሸጠልህ 30 ነው፣ ማለትም ኢቲ 45 የነበረው ኢቲ 15 ሆነ፣ ከገባው ቢያንስ ሶስት እጥፍ አወጣኸው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና ጎማው ከውስጥ ምንም የማይነካ ከሆነ እንዳለ ተወው፣ ሁለት ሳምንት ካየኸው ዓይንህ ይለምደዋል። አሞርዛተሩን የሚነካ ከሆነ ቸርኬውን ሽጠህ ልኩን ግዛ። ከፍታ ከፈለግክ በ14ቱ ቸርኬ 165/70ን ትተህ 175/70 እሰር፣ 7 ሚሊ ታገኛለህ፣ ፍጥነት መቁጠሪያህ 2 ከመቶ ገደማ አሳንሶ ያነብባል፣ ችግር የለውም። ሞላህ ከደከመ ደግሞ አዲስ ሞላ ከየትኛውም ጎማ የበለጠ ያነሳሃል። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያቺ ቪትዝ ሃብት ናት፣ ገንዘብ ካወጣህ እዚያ ላይ አውጣ። ቦሎ ከማደስህ በፊትም ስፔሰሩ ባይኖር ይሻልሃል፣ ኢንሹራንስህም አደጋ ከደረሰ ፋብሪካው ያላደረገውን ነገር መጠየቁ አይቀርም።

ስታወጣው እንዲህ ነው። ሜዳ ላይ አቁም፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ያዝ፣ በክሪክ ብቻ አትመን ስር ማስቀመጫ አድርግ። ቸርኬውን ፍታ፣ ስፔሰሩን ፍታ፣ የታምቡሩን (ሞዞውን የሚሸፍነው የኋላ ፍሬን ከበሮ) ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ አጽዳው፣ የቸርኬውንም ጀርባ እንደዚያው። የቸርኬው መሃል ቀዳዳ ከ54.1 ከሰፋ፣ ቅድም ያልኩህ እሱ ነው፣ በልኩ የሚሰራ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት አለ፣ ከውጭ የቸርኬውን ከውስጥ 54.1ን የሚይዝ፣ አራት ግዛ፣ ለአራቱም። ዳዶው የቸርኬው ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ፣ ጫፉ ሾጣጣ የሆነውና ከሮንዴላ ጋር ጠፍጣፋ የሆነው አይቀያየሩም። በመስቀል እያፈራረቅክ አጥብቅ፣ መሬት አውርደህ በ103 ጨርስ፣ ከ100 ኪሎሜትር በኋላ ድገመው።

ጎማው ተነስቶ እያለ ሌላም ነገር ስራ፦ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፣ ከዚያ በእጅህ አዙረው። ጫወታ ካለው ወይም ሲዞር እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል፣ ቪትዝ የኋላው ከሞዞው ጋር አብሮ ነው የሚቀየረው፣ ነጠላውን እንቀይርልህ ካሉህ አትስማቸው። ጸጥ ካለና ድምጹ ከስፔሰሩ ጋር ከጠፋ ሌላ ምንም አታስነካ። አራቱን ስፔሰር ደግሞ ለሌላ ሰው አትሽጣቸው፣ ቆራሌው ሲያልፍ በኪሎ ስጠው።